ከአፋፉ ላይ የሚመረጥ ማርሽ

የዘውድና የዘመቻ ታሪካችን ብዙ ተጽፏል፤ የዳገትና የቁልቁለት ታሪካችን ግን ገና ጸሐፊ ይጠብቃል። ንጉሡ ከዚህ ተነሥተው ወደዚያ ዘመቱ ሲባል እናነባለን። በመካከል ያለውን ገደል በምን ኃይል እንደ ወጡት፣ በምን ብልሃት እንደ ወረዱት ግን አንጠይቅም። ይህች አጭር ጽሑፍ ያንን ጥያቄ በአንዲት የጋራዥ ቃል አማካይነት ታነሣለች፤ ማርሽ በምትባለው። ቦታዋም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው፤ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ደጋና ቆላ።

ማርሽ ከጣልያንኛ የተገኘ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ «ማርቻ» የወታደር ሰልፍ ጉዞም ነው፣ የመኪና ማርሽም ነው። በእኛም ዘንድ የሙዚቃ ጓዱ ማርሽ ይመታል፣ ሾፌሩም ማርሽ ያስገባል። ከእርሷ ጋር ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ ተከታትለው ገቡ። የባለቤትነት ደብተሩ እንኳ «ሊብሬ» ሆኖ ቀረ። አንድ ነገር ግን ሾፌሮቻችን ከራሳቸው አፍ ጨመሩበት። አንደኛውንና ሁለተኛውን «ከባድ ማርሽ»፣ ከዚያ በላይ ያሉትን «ቀላል ማርሽ» አሉ። ፈረንጅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ሲል የኛ ሰው በክብደት ሰየመው። ሸክም የሚያውቅ ሕዝብ የሰጠው ስም ነው።

ይህ ስያሜ ለምን እንደ ተገባ ለማወቅ አገሩን ማየት ይበቃል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ከፎገራ ሜዳ እስከ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከዚያ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን ታክኮ በክምር ድንጋይ በኩል ያልፍና ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ስሟ ራሱ የሚናገር ከተማ ናት፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነፋስ የሚተላለፍባት በር። ከእርሷ ወዲያ ጨጨሆ አለ፤ በጥንቱ አነጋገር ከበጌምድር ወጥቶ ወደ ዋድላ የሚያስገባው መተላለፊያ። ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ የታጠፈ ሰው በአርብ ገበያ በኩል ታች ጋይንትን፣ ከዚያም ስማዳን እያየ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ደግሞ እስቴ አለች፤ ከተማዋ መካነ ኢየሱስ። በዚህ አገር ሜዳ የሚባለው በሁለት ገደል መካከል ያለው ዕረፍት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ስለ ተጓዘ ትልቅ ባለ መንኰራኩር ሸክም ስናነሣ ቀድሞ የሚመጣው ሴቫስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሞርታር ነበር። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ያንን ብረት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዳቸው በጋይንት አድርጎ ጨጨሆን ተሻግሮ ዋድላ፣ ከዚያም ወደ ጅጣ ሸለቆ ወርዶ ደላንታ፣ እንደገና ወደ በሽሎ ወርዶ መቅደላ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው።

ይህ ጉዞ ሲወራ የንጉሡ ጽናት ይነሣል፤ ይገባልም። መንገዱን የሚጠርገው፣ ቋጥኙን በባሩድ የሚሰብረው፣ ድንጋዩን የሚያነሣው ሠራዊቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው እጃቸውን ከሥራው እንዳላራቁ በዘመኑ አብረዋቸው የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ ግን ወደ መንኰራኩሩ ልመለስ። ሰረገላው ማርሽ አልነበረውም። ሞተሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነው። በሜዳ ላይ ሰባት ቶን የሚስበው ሕዝብ በጨጨሆ ዳገት ላይ ያንኑ ሰባት ቶን ሲስብ ኃይሉን የሚያበዛለት መሣሪያ የለም፤ ያለው ምርጫ የሰውን ቁጥር መጨመር ብቻ ነው። ሲወርድ ደግሞ የባሰ ነው። ወደ ጅጣ ሲዘቀዝቅ ሊያመልጥ የሚታገለውን ብረት በጠፍር እየያዙ ወደ ኋላ መጎተት ያስፈልጋል። ዳገት ላይ ሞተር የነበረው ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ ሴቫስቶፖል ዛሬም በዚያው አምባ ላይ ተቀምጧል። ሕዝቡ ያወጣውን የሚያወርደው ሌላ ሕዝብ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የካምቢዮን ነገር በአጭሩ ማስረዳት ግድ ይላል። ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በፍጥነት ሲዞር ነው፤ በዝግታ ሲያዞሩት ይሞታል። ጎማ ደግሞ ዳገት ላይ የሚፈልገው በዝግታ የሚመጣ ብዙ ጉልበት ነው። እነዚህን ሁለት የማይግባቡ ወገኖች የሚያስማማው ካምቢዮ ነው። ጥቂት ጥርስ ያላት ትንሽ መዘውር ብዙ ጥርስ ያለውን ትልቁን ስታዞር ትልቁ በዝግታ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ይበዛል። ሞተሩ ሁለት ተኩል ጊዜ ዞሮ ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ቢዞር፣ ፍጥነቱ በሁለት ተኩል ተካፈለ፣ ጉልበቱ በሁለት ተኩል ተባዛ ማለት ነው። ጉልበት በነፃ አይገኝም፤ በፍጥነት ይገዛል። በባንክ ቤት ቋንቋ ብናገር፣ ካምቢዮ ምንዛሪ ነው፤ ጣልያንኛው ቃልም ለውጥ፣ ምንዛሪም ማለት ነውና ከቃሉ አልራቅሁም።

ቁልቁለት ላይ ምንዛሪው ይገለበጣል። አሁን ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ከባድ ማርሽ ከገባ ጎማው ሞተሩን በኃይል ማሽከርከር ስላለበት ይደክማል፣ መኪናውም ይያዛል። ቀላል ማርሽ ወይም ዜሮ ማርሽ ከሆነ ግን የሚይዘው የለም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ደግሞ በመፋተግ የሚሠራ ነውና ይግላል፤ ሲግል ኃይሉን ያጣል። በጠፍር ይይዝ የነበረው የቴዎድሮስ ሰው ሥራ ወደ ማርሽ የተዛወረው በዚህ መንገድ ነው።

ማርሽ ያለው መኪና ወደ ጎንደር ምድር በብዛት የገባው በወራሪ ተጭኖ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስቱ ሹም አኪሌ ስታራቼ በመቶዎች በሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ሠራዊት ጭኖ ከአስመራ ተነሣና መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። ያ ዘመን በሥራ ላይ ካዋላቸው መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ በእኛ አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ስም የዚያ ቁጥር ቅሪት ነው። ወራሪው ከሄደ በኋላ መኪናውና ቃሉ ቀሩ። ቆይቶ፣ ፊያት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው 682 መጣና «ኤንትሬ» ተባለ። በመንገዳችን ላይ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ጩኸቱ ከሩቅ የሚታወቅ መኪና ነው።

የነዚህ የጣልያን ከባድ መኪኖች መሪ በስተ ቀኝ ነበር። በአልፕስ ተራራ መንገድ ሾፌሩ የመንገዱን ዳር፣ የገደሉን አፍ ወርዶ ማየት አለበት ከሚል የመጣ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወዲህ ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዛወር ይህ ልማድ ለተራራችንም ተስማማ፤ የኤንትሬው ሾፌር ገደሉን በራሱ መስኮት ያየው ጀመር።

የቀድሞ ከባድ መኪና ካምቢዮ እንደ ዛሬው ለስላሳ አልነበረም። ዛሬ ጥርሶቹን አስቀድሞ እኩል የሚያስዞር መሣሪያ አለ፤ ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ነው። ወደ ከባድ መኪና ግን በዝግታ ደረሰ። እርሱ በሌለበት ሾፌሩ ራሱ ጥርሶቹን ማስማማት አለበት። ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ዘንጉን ወደ ዜሮ ያወጣል፣ ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ያስፈጥናል፣ እንደገና ፍሪሲዮን ረግጦ ያስገባል። ይህን ሁሉ በጆሮው እየሰማ ያደርጋል። ድምፁ ካልገጠመ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል፣ ማርሹም አይገባም።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ቁልቁለት ጀምሮ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ወደ ከባድ ማርሽ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሾፌሩ ከቀላሉ አውጥቶ ወደ ከባዱ ላስገባ ሲል፣ በመካከል ዜሮ ላይ ሳለ መኪናው ይበልጥ ይፈጥናል፤ ጥርሶቹ አይገናኙም፤ ወደ ነበረበትም መመለስ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ፍሬን ብቻ ነው፣ ፍሬኑም እየጋለ ነው። ስለዚህ የድሮ ሾፌር ማርሹን የሚመርጠው አፋፉ ላይ፣ ገና ሳይወርድ ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የሾፌሮች ትምህርት ከዚህ የመነጨ ነው። ረዳቱም ታኮውን ይዞ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ዳገት ላይ ሞተሩ ቢደክም ከጎማው ሥር ታኮ የሚጥለው እርሱ ነው። ስሙ በምንም መዝገብ የማይገኘው ያ ልጅ የስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ የሚያውቅ የለም።

በዚያው ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ ማርሽ የሌላ ነገር መጠሪያ ሆኖ ነበር። ጉዞአችን ከግራ ወደ ቀኝ በተዛወረበት በ1964 እ.ኤ.አ. የጰንጥያክ ኩባንያ ጂቲኦ የተባለ አውቶሞቢል ለአሜሪካ ወጣቶች አቀረበ። ትልቅ ሞተር በመካከለኛ አካል ውስጥ ያስገባ፣ ዛሬ «ማስል ካር» የሚባለውን የጡንቸኛ መኪና ዘመን የከፈተ ነው። የገዢው ምርጫ ወረቀት ላይ የተዘረዘረ ነበር። በመደበኛው ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ከወለል በሚወጣ የኸርስት ዘንግ ይሰጠዋል። ጨምሮ ከከፈለ ባለ አራት ማርሽ የመንሲ ካምቢዮ ያገኛል። ፍሪሲዮን መርገጥ ካልወደደ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ አለለት። የመንሲ ካምቢዮም በዓይነት ነው። ኤም 20 በሚባለው አንደኛ ማርሹ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ያበዛል፤ ኤም 21 በሚባለው 2.20 ብቻ ነው፣ ማርሾቹም ተቀራራቢ ናቸው፣ ለእሽቅድምድም ይስማማል። ኤም 22 ደግሞ ጥርሶቹ ይበልጥ ቀጥ ያሉ በመሆናቸው ሲሠራ ስለሚያጓራ «ድንጋይ ፈጪ» የሚል ቅጽል ወጣለት። እውነተኛ ድንጋይ ለፈጩት ለጋይንት ጎማዎች ይህ ቅጽል ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ዘንጉ የሚቀመጥበትም ቦታ ምርጫ ነበር። በመሪው አንገት ላይ፣ ወይም ከወለሉ፣ ወይም በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው ሣጥን ላይ። ክራይስለር ከ1956 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አውቶማቲክ መኪኖች ላይ ዘንጉን ጨርሶ ትቶ በቁልፍ የሚጫን አድርጎት ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፕሊመዝና የዶጅ ባለ አራት ማርሽ መኪኖች እጀታው እንደ ሽጉጥ እጀታ የተቀረጸ ዘንግ አመጡ። ለእነዚያ ወጣቶች ማርሽ የክብር፣ የጌጥና የሩብ ማይል እሽቅድምድም ጉዳይ ነበር። የተመረጠው በሻጩ ጠረጴዛ ላይ፣ በብዕር ነው።

የኛ ሾፌር በብዕር የመረጠው ነገር የለም። ካምቢዮውን የመረጠለት አንድ ጊዜ ወራሪ፣ አንድ ጊዜ አስመጪ፣ አንድ ጊዜ ለጋሽ ነው። በገጠር የመንግሥትና የእርዳታ ሥራ ይዞ የመጣው ላንድሮቨር ሦስት ዘንግ ነበረው፤ ዋናው የማርሽ ዘንግ፣ ባለ ቀይ እራሱ ጉልበት የሚያበዛው፣ ባለ ቢጫ እራሱ አራቱንም ጎማ የሚያሠራው። የፔጆ 404 ማርሽ ከመሪው አንገት ላይ ነበር። ዛሬ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር ጎዳናዎች የሚርመሰመሰው ባጃጅ ማርሹን በግራ እጅ መያዣ ላይ ጠምዝዞ ይቀይራል። የአሜሪካኑ ገዢ ከወረቀት ላይ የመረጣቸው ቦታዎች ሁሉ ወደኛ መጥተዋል፤ የመጡት ግን ሳንመርጣቸው ነው። የኛ ምርጫ አንዲት ብቻ ነበረች፤ አፋፉ ላይ የምትደረገው።

ይህች ምርጫ ይበልጥ የከበደችው መንገዱ ሲሻሻል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በቻይና እርዳታ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው መንገድ ተጀመረ፤ ሥራው የተከናወነው በደርግ ዘመን ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ቴዎድሮስ በጨጨሆ የታገሉትን ተራራ በመጠምዘዣ የሚወጣ መንገድ ነው። ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» አለው። ጠጠር የነበረው በኋላ አስፋልት ለበሰ። ወራት የፈጀው ጉዞ የሰዓታት ሆነ። እህል፣ ስኳር፣ ተማሪና በሽተኛ በአንድ ቀን ይደርሱ ጀመር። በጠጠር ላይ ግን መኪና ራሱ ይፈራ ነበር፤ አስፋልት የሾፌሩን ፍርሃት ወሰደበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ መልቀቅ የሚባል ክፉ ልማድም አለ። የሚተርፈው ጥቂት ሊትር ነው፤ የሚያዘው ግን የሰው ነፍስ ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ ብቻ አይመስለኝም። በሐዘን የተሰጠ ስም ቀልድ ለብሶ ሲኖር የኛ አገር ልማድ ነው።

እንጀራዬ ከብድር መዝገብ ጋር ነውና አንድ ነገር ልጨምር። የጭነት መኪና ለዋስትና ሲቀርብ ሊብሬው ይታያል። የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የተሠራበት ዘመን አለ፣ የመጫን አቅሙም አለ። የሾፌሩ ልማድ የሚጻፍበት መስመር ግን የለም። የአንድ መኪና ዋጋ ለባለቤቱም፣ ለአበዳሪውም፣ ከኋላው ለተጫኑት ሰዎችም የሚወሰነው በጨጨሆ አፋፍ ላይ ሾፌሩ ዘንጉን ወዴት እንዳደረገው ነው። ያንን የሚመዘግብ ቅጽ እስካሁን አልታተመም።

ዘመን ደግሞ ማርሹን ራሱን ሊያስቀርልን ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዙ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ በአብዛኛው የሚቀያየር ማርሽ አያስፈልገውም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ወደ ጅጣ ሲወርድ በጠፍር የተያዘው ጉልበት ዛሬ ተመልሶ የሚጠራቀም ሀብት ሆነ ማለት ነው። ድንቅ ነው። ነገር ግን ባትሪው ከአፋፉ ላይ ሞልቶ ከሆነ ተጨማሪ የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ያ መያዣ ይዳከማል። የኤሌክትሪክ መኪና ሾፌርም ከመውረዱ በፊት ማሰብ አለበት። ተራራው ለማንም ሕጉን አልለወጠም።

ስለዚህ የማርሽ ታሪክ በጋይንት መንገድ ላይ ከሰው ጀምሮ ወደ ሰው ይመለሳል። በመቶዎች ሆነው የያዙትን አሁን አንድ ሰው በአንድ እጁ ይይዘዋል። ሸክሙ ግን ያው ነው፤ ከኋላው የተቀመጡትም ያው ሰዎች ናቸው፤ ከእስቴ ለሕክምና የወጡ፣ ከስማዳ ለፈተና የሚሄዱ፣ ከአርብ ገበያ ሸጠው የሚመለሱ። ለዚያ እጅ ይህችን አራት መስመር ልተውለት፤

ሽቅብ ያደረሰህ፣ ያ ከባዱ ማርሽ፣
ቁልቁል ስትወርድም፣ ከእጅህ አይሽሽ።
ገደል ዳር ተቁሞ፣ ምርጫ የለምና፣
ካፋፉ ላይ ምረጥ፣ ሳትወርደው ገና።